የኬሞቴራፒ አስጊ ቀናት የሚመጡት ቤት ከገቡ በኋላ ነው

የካንሰር መድኃኒት ወስዶ ከሆስፒታል የወጣ ሰው "የዛሬውስ አለፈልኝ" ብሎ እፎይ ይላል። ይኹን እንጂ ኬሞቴራፒ በሚባለው ሕክምና ብርቱ ጥንቃቄ የሚሹት ቀናት የሚመጡት ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ እየተመላለሰ ለሚታከም ሰው ደግሞ እነዚያ ቀናት ከሐኪሙ ርቆ የሚያሳልፋቸው ናቸው። ስለዚህ ምን እንደሚጠብቀው ታካሚውም ቤተሰቡም አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል።

ጉዳቱ ከምን ይመጣል?

ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ያጠቃል። ዒላማው የካንሰር ሕዋሳት ናቸው። ነገር ግን የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን እንዲሁም ደም የሚመረትበት የአጥንት መቅኔ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳት ስላሏቸው አብረው ይጎዳሉ። ፀጉር መርገፉ፣ አፍ መቁሰሉ፣ ማስመለሱና ድካሙ ከዚህ የመነጩ ናቸው እንጂ በሽታው ለመባባሱ ማስረጃ አይደሉም። ጤናማዎቹ ሕዋሳት ራሳቸውን ስለሚተኩ አብዛኛው ጉዳት ጊዜያዊ ነው። ፀጉርም ሕክምናው ካበቃ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ መልሶ ይበቅላል። ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀይ መድኃኒት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሽንትን ሊያቀላ ይችላል። ይህ የመድኃኒቱ ቀለም እንጂ ደም አይደለም።

ትኩሳት ለነገ አይባልም

ብዙ ታካሚዎች መድኃኒቱን በየ21 ቀኑ ይወስዳሉ። ተሕዋስያንን የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስ በእጅጉ የሚያንሰው ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ቀናት ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የሙቀት መጠን 38 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ከኾነ ወይም ብርድ ብርድ ካለ ሌሊትም ቢኾን በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

"ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ መጨመቅ፣ "ወባ ይኾናል" ብሎ ማደር ወይም ትኩሳት ማብረጃ ወስዶ መጠበቅ ውድ ሰዓታትን ያባክናል። ወደ ጤና ተቋም ሲደረስ በቅድሚያ ሊነገር የሚገባው ታካሚው ኬሞቴራፒ ላይ መኾኑና መድኃኒቱን የወሰደበት ቀን ነው። ይህን የሚገልጽ ወረቀትና የሐኪሙን ስልክ ቁጥር መያዝ፣ ከመድኃኒት ቤትም ቴርሞሜትር ገዝቶ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከአፍንጫ ወይም ከድድ የማይቆም ደም መፍሰስም እንዲሁ አፋጣኝ ሕክምና ይሻል።

ምግብና ንጽሕና

በእነዚህ ቀናት ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ያለ ክትፎና ያልተፈላ ወተት መተው አለባቸው። እጅን በሳሙና ደጋግሞ መታጠብ፣ በረት ከመጥረግና ፍግ ከመዛቅ መቆጠብ፣ ጉንፋን ከያዘው ሰውም መራቅ ያስፈልጋል።

የማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒን የሚወሰደው ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ሳይኾን ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት ይልቅ ጥቂት ጥቂት ደጋግሞ መብላት ይቀላል። አፍ ሲቆስል በርበሬና ሚጥሚጣን ትቶ አጥሚት፣ ለስላሳ ገንፎና በደንብ የበሰለ እንቁላል መመገብ ይቻላል። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ በቀን ደጋግሞ መጉመጥመጥም ቁስሉን ያስታግሳል። ተቅማጥ ካለ ኦአርኤስ መጠጣት፣ ካልቆመ ወደ ሐኪም መሄድ ተገቢ ነው።

የሚጾም ታካሚ ስለ ጾሙ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ሊመክር ይገባል። የባሕል መድኃኒት መውሰድ የሚፈልግም አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። አንዳንድ ዕፅዋት ጉበትን ይጎዳሉ፤ ከካንሰር መድኃኒት ጋርም አይስማሙም።

ድካምና መደንዘዝ

ሙሉ ቀን መተኛት ድካሙን ያብሰዋል። አቅም በፈቀደ መጠን በየቀኑ ጥቂት መራመድ ብርታት ይሰጣል። አንዳንድ መድኃኒቶች የእጅና የእግር ጣቶችን ያደነዝዛሉ። እንዲህ ያለው ታካሚ ያለ ጫማ መሄድ፣ ማጭድ መያዝና ከእሳት ላይ ድስት ማውረድ ለጉዳት ሊዳርገው ስለሚችል ቤተሰብ ቢያግዘው መልካም ነው።

ሕክምናውን አለማቋረጥ

አሳሳቢው ነገር ታካሚው ስቃዩን ፈርቶ፣ ለማንም ሳይናገር ከቀጠሮው መቅረቱ ነው። የተቋረጠ ሕክምና ለካንሰሩ መልሶ የማገርሸት ዕድል ይሰጠዋል። ሐኪሙ ግን ችግሩን ካወቀ የመድኃኒቱን መጠን ሊቀንስ፣ ቀኑን ሊያሸጋግር ወይም ማስታገሻ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ በየዕለቱ የተሰማውን ሕመም ጽፎ ወይም አስጽፎ ለቀጠሮው ቀን ይዞ መቅረብ ይገባል።