ያለ ኦቭን የሚጋገር የፖም ኮብለር

በአብነት ሰፈር ከሥራ ወደ ቤቷ የምትመለስ እናት በደጇ የሚጠብቃት ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «እማዬ፣ ምን ይዘሽልን መጣሽ?» የሚል። ለአራትና ለአምስት ልጅ ከኬክ ቤት መግዛት ግን ለደመወዝተኛ ይከብዳል። በቤት እንዳይጋገር ደግሞ «ኦቭን የለኝም» የሚለው ምክንያት ይቀድማል። የዛሬው ጽሑፋችን ይህ ምክንያት በቂ አለመሆኑን ያሳያል።

ኮብለር ከታች የተከተፈ ፍሬ፣ ከላይ ለስላሳ ሊጥ ተደርጎበት የሚጋገር ጣፋጭ ነው። ያስለመዱት በአሜሪካ የነበሩ ሰፋሪዎች ሲሆኑ፣ እንደ ልብ ኦቭን ስላልነበራቸው በብረት ድስት ውስጥ፣ ከድስቱ ሥርና ከክዳኑ ላይ ፍም እያደረጉ ያበስሉት ነበር። ይህ ዘዴ ለእኛ እናቶች እንግዳ አይደለም። ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ይዞ እንደሚበስል የማያውቅ ማን አለ? ድፎ መድፋት የምትችል እናት ኮብለርም ትችላለች።

ፖም ብርድ የሚወድ ዛፍ በመሆኑ በአገራችን ደጋ ይበቅላል። በይበልጥ የታወቀው ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ የሚመረተው ነው። ለኮብለር ጠንከርና ጎምዘዝ ያለው ይመረጣል። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ ጅምላው ገበያ ከአብነት ስለራቀ፣ ከሰፈር ቸርቻሪ የሚገዙ ብዙዎች ናቸው። በመንገድ የተጋጨውን በቅናሽ ገዝቶ የጠቆረውን ቆርጦ መጣል ይቻላል፤ የሻገተው ግን ሙሉ በሙሉ መጣል አለበት። ፖም ከጠፋ በክረምት ኮክ ይተካዋል።

ለስድስት ሰው የሚያስፈልገው፦
1 ኪሎ ፖም፤
4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፤
የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፤
ጥቂት የተፈጨ ቀረፋ፤
250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፤
1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፤
ቁንጥር ጨው፤
75 ግራም የገበታ ቅቤ፤
2 የቡና ሲኒ ወተት።

በጾም ወራት በቅቤው ፈንታ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በወተቱ ፈንታ ውኃ ይደረጋል።

አሠራር፦ ፖሙ ታጥቦና ተልጦ በስሱ ይከተፋል። ከስኳሩ፣ ከሎሚውና ከቀረፋው ጋር ወፍራም ድስት ውስጥ ተደርጎ ለ10 ደቂቃ ያህል በቀስታ ይበስላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ፍሬ ለመብሰል ይዘገያል፤ ቀድሞ እሳት የሚነካውም ለዚሁ ነው። ዱቄቱ ከቤኪንግ ፓውደሩና ከጨው ጋር ይደባለቃል። ቅቤው በጣት እየታሸ ይገባበታል፤ ከዚያ ወተቱ ይጨመራል። ሊጡ ብዙ ከታሸ ስለሚደርቅ፣ እንደተዋሐደ በማንኪያ እየተቆነጠረ ፍሬው ላይ ጣል ጣል ይደረጋል።

ድስቱ ተከድኖ ከሥሩ ጥቂት፣ ከክዳኑ ላይ ግን በርከት ያለ ፍም ይደረጋል። ከታች ከበዛ ስኳሩ ያራል። ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሊጡ ቡናማ ሲመስል ቀጭን እንጨት ይሰካበታል፤ እንጨቱ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። ፍም እንዳይንሸራተት ጠርዝ ያለው ክዳን ያስፈልጋል፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ማሠራት ይቻላል። ብረቱ የቀለም ወይም የኬሚካል በርሜል የነበረ እንዳይሆን አጥብቆ መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉም በላይ እናቶች ልብ እንዲሉት የምንሻው ስለ ከሰል ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍሙ ጭስ ስላቆመ ብቻ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ መጋገሪያው ቦታ ደጅ ወይም በረንዳ ይሁን። ሥራው ካለቀ በኋላ የተረፈውን ፍም «ቤቱን ያሙቅልን» ብሎ ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል ማስገባት ሕይወት የሚያጠፋ ስሕተት ነው። ዝናብ ከሆነና ደጅ ካልተመቸ ኮብለሩ ለነገ ይቆይ።

በመጨረሻም፣ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለች እናት ይህንንም ብቻዋን እንድትሠራ አንመክርም። ፖሙን መላጥና መክተፍ ለአባትና ከፍ ከፍ ላሉት ልጆች ይሰጥ። በጋራ የተሠራ ገበታ በጋራ ሲቀርቡት ይጣፍጣል።