ለጌዶ ጫካ የትኛው ቢላ ይበጃል?

ስለ ጫካ ቢላ ሲነሳ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ርዝመቱን ነው። እኔ ግን መታየት ያለበት ሥራው ነው ባይ ነኝ። ጌዶ ደጋ ነው፤ ክረምት ሲገባ የወደቀው እንጨት ሁሉ ላይ ላዩ እንደራሰ ይሰነብታል። እሳት የሚይዘው ውስጡ ያለው ደረቅ ልቡ ነው። እዚያ ለመድረስ የጥዱን ቅርንጫፍ ሰንጥቆ፣ ልቡን ስስ አድርጎ መላግ ያስፈልጋል። ካስማ ማሾል፣ ገመድ መቁረጥና ሥጋ መዘልዘልም እንዲሁ ጣት የሚመራው ሥራ ነው። ለዚህ ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ የማይታጠፍ ቢላ ይበቃል። በስዊድኗ ሞራ ከተማ ስም የሚጠሩት ታዋቂ የጫካ ቢላዎችም ከዚህ ልክ ብዙ አይርቁም።

«ገጀራ እያለ ትንሽ ቢላ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ለመመንጠርና ቅርንጫፍ ለመጣል ገጀራን የሚተካ የለም። ነገር ግን ክብደቱ ወደ ጫፉ ስለሚያደላ ረቂቅ ሥራ ላይ እጅን ያስታል። ሰንጢ በበኩሉ ለኪስ ይመቻል፤ ሆኖም እንጨት ለመሰንጠቅ ጀርባውን በዱላ ሲመቱት መታጠፊያው ይላላል፣ ጣት ላይም ሊከደን ይችላል። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የዘለቀ ቢላ ይህ ስጋት የለበትም።

ከባዱ ሙግት ብረቱ ላይ ነው። ዝናብ በሚበዛበት አገር የማይዝገው ይሻላል የሚሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለው ዝገትን ይቋቋማል። ገበያ ላይ ያለው ርካሹ ግን ቶሎ ይዶለዱማል። ቀጥቃጭ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የሚሠራው ቢላ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላለው ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር በደንብ ይጠነክራል፤ ሲዶለዱምም በተራ መሳያ ድንጋይ ይሳላል። ዝገቱን ለመከላከል ከሥራ በኋላ አድርቆ ዘይት መቀባትና እርጥብ አፎት ውስጥ አለማሳደር በቂ ነው። የግንባታ ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ በመሆኑ ስለት አይዝም። ለመለየት ሞረድ ስለቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ፦ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፤ በቀላሉ ከፋቀው ለስላሳ ነው። ስለዚህ ለቀጥቃጩ «ከባሌስትራ፣ አጭር፣ ብረቱ እጀታውን ዘልቆ የሚወጣ» ብላችሁ አሠሩ። ገጀራውንም ለከባዱ ሥራ ያዙ።