ልጃችሁ የሥራ ሺፍት ቢያመልጠውስ?

ከሰሞኑ የፖለቲካ ወሬ ትንሽ ወጣ ብለን ዛሬ የቤታችንን ጉዳይ እናንሳ። በተለይ አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ይህቺን ነገር ወይ አይታችኋታል፣ ወይ ልታዩዋት ነው። ልጁ አስራ ስድስት ዓመት ሞልቶት ግሮሰሪ ወይም ፋስት ፉድ ቤት ሥራ ይጀምራል። የመጀመሪያዋ ቼክ ስትመጣ ቤቱ ሁሉ ይመርቀዋል። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሳለ ስልኩ ይጮኻል። ማናጀሩ ነው። ልጁ ዛሬ ሺፍት እንዳለው አላወቀም።

ጉዳያችን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። አንዳንዱ ልጅ ስልኩን አያነሳም። ያፍራል፣ ይደነግጣል፣ በማግስቱም ሳይሄድ ይቀራል። ለእናትና ለአባቱ ደግሞ "አልወደድኩትም፣ ተውኩት" ይላል። ማንም ሳያባርረው ራሱን አባረረ ማለት ነው።

"ለመሆኑ ሰው ሥራውን እንዴት ይረሳል?" የምትሉ አትጠፉም። ብዙዎቻችን ስንመጣ የያዝነው ሥራ ፓርኪንግም ይሁን መጋዘን ሰዓቱ የታወቀ ነበር። የልጆቹ ሥራ እንደዚያ አይደለም። ስኬጁሉ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ማናጀሩ ገበያው ይበዛል ባለበት ሰዓት ሰው ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል፤ ወጥቶ የተለጠፈውንም መሃል ላይ ሊነካካው ይችላል። ልጁ ሰኞ ዕለት ስኬጁሉን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ ረቡዕ ስሙ ቅዳሜ ላይ ይገባል። ፎቶው ግን ያው የሰኞው ነው። ይህ ችግር የልጆች ብቻ ስላልሆነ ሕግ ያወጡለት ከተሞች አሉ። ሲያትል ከ2017 ጀምሮ ትልልቅ የችርቻሮና የምግብ ድርጅቶች ስኬጁሉን ከ14 ቀን በፊት እንዲያሳውቁ ታስገድዳለች፤ ኒው ዮርክ ከተማም በዚያው ዓመት ለፋስት ፉድ ሠራተኞች ተመሳሳይ ሕግ በሥራ ላይ አውላለች። በስቴት ደረጃ ቀዳሚዋ ኦሪገን ናት። በአብዛኞቹ ስቴቶች ግን እንዲህ ያለ ሕግ ስለሌለ ስኬጁሉን በየቀኑ ማየት የልጁ ዕዳ ነው።

የእኛን ቤት ብቻ የሚመለከት ሌላ ምክንያትም አለ፤ ሰዓት አቆጣጠራችን። ልጁ በተሰባበረ አማርኛ "ቅዳሜ አስር ሰዓት ሥራ አለኝ" ይላል። እሱ የፈረንጁን ጠዋት አስር ማለቱ ነው። እናት የሰማችው ግን የሀገር ቤቱን አስር፣ ማለትም በፈረንጅ ከቀኑ አራት ሰዓት ነው። "እደርሳለሁ" ብላ መኪናውን ይዛ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ልጁ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፣ ሁለቱም ተሳስተዋል። ቤት ውስጥ በአማርኛ ሰዓት ስትነጋገሩ "በፈረንጅ ነው ወይስ በሐበሻ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ማርች ላይ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት የሚገፋበትንም እሑድ አስታውሱ። ስልኩ ራሱን ያስተካክላል፤ የኩሽናው ሰዓት ግን የድሮውን ይዞ ይጠብቃችኋል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ከሞንታና በስተቀር በአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ መነሻው "አት ዊል" የሚባለው ደንብ ነው። ኮንትራት ወይም የማኅበር ስምምነት ከሌለ ቀጣሪው ብዙ ምክንያት ሳይደረድር ማሰናበት ይችላል፤ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፆታና በመሳሰሉት ሕግ በከለከላቸው ምክንያቶች ግን አይችልም። ስለዚህ አንድ ሺፍት ያመለጠው ልጅ ሊባረር ይችላል ወይ ካላችሁ፣ አዎ ይችላል። ይባረራል ወይ? ያ ሌላ ጥያቄ ነው። አዲስ ሰው ቀጥሮ ማሰልጠን ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል፤ ብዙ ማናጀር ለመጀመሪያ ጊዜ በማስጠንቀቂያ ያልፋል። የሚጠሉት "ኖ ኮል፣ ኖ ሾው" የሚሉትን ነው፤ አለመምጣት ብቻ ሳይሆን አለመደወልም ጭምር። በብዙ ድርጅት ደንብ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በተከታታይ እንዲህ የጠፋ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን እንደተወ ይቆጠራል። ለዚህ ነው በማግስቱ መጥፋቱ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ የሚጎዳው።

ቢባረርም እንኳን የሠራባቸው ሰዓታት ገንዘብ የእሱ ነው። ያልሠራበት ሺፍት አይከፈለውም እንጂ የሠራውን "ስለጠፋህ" ብሎ መያዝ አይቻልም። መቼ ይከፈል የሚለውን ስቴቱ ይወስናል። ካሊፎርኒያ ላይ የተባረረ ሠራተኛ ሒሳቡን ወዲያውኑ ያገኛል፤ ሜሪላንድ ላይ ደግሞ ቢያንስ በመደበኛው የክፍያ ቀን ሊሰጠው ይገባል። ልጆቻችን አፍረው ቼካቸውን ሳይጠይቁ እንዳይቀሩ።

ከዚህም ሌላ ልጁ መጀመሪያውኑ ሊመደብበት የማይገባ ሺፍት እንዳይሆን እዩ። 14 እና 15 ዓመት የሆነው ልጅ በፌደራሉ ሕግ በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት፣ በትምህርት ሳምንት ከ18 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ማታ በፈረንጅ ከሰባት ሰዓት በኋላም አይሠራም፣ በበጋ እስከ ዘጠኝ ይፈቀዳል። ለ16 እና 17 ዓመት ልጆች ፌደራሉ የሰዓት ገደብ የለውም፤ ሜሪላንድ ግን ትምህርቱና ሥራው ተደምሮ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ትከለክላለች። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ፣ በትምህርት ወቅት የተማሪ ልጅ ሥራ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም።

እሺ፣ ሺፍቱ አመለጠ። አሁን ምን ይደረግ? ልጁ ወዲያውኑ ይደውል። ቴክስት ሳይሆን ስልክ። ቴክስት ማናጀሩ ካሸር ላይ ቆሞ ሲጣደፍ ሳያየው ይቀራል። ንግግሩ አጭር ይሁን፦ ስኬጁሉን በትክክል አላየሁም፣ ይቅርታ፣ አሁን ልምጣ ወይስ ሌላ ሺፍት ልሸፍን? በቃ። አክስቴ ታመመች፣ መኪና ተበላሸ የሚባለው ነገር አያስፈልግም። ማናጀሩ ይህን ሁሉ ሰምቶ ያደገ ሰው ነው፤ ውሸቱ ከተያዘ ደግሞ ነገሩ ከመርሳት ወደ እምነት ማጣት ይሄዳል። ስኬጁሉ ከወጣ በኋላ ተቀይሮ ከሆነ ግን ፎቶውን ማሳየት መብቱ ነው፤ ሳይጣላ፣ በትህትና።

ወላጆች፣ እባካችሁ እናንተ አትደውሉ። ሀገር ቤት ወላጅ ትምህርት ቤት ሄዶ "ልጄን ይቅር በሉልኝ" ማለቱ ወግ ነው። እዚህ ግን እናቱ የደወለችለት ልጅ ለሥራው ገና አልደረሰም ተብሎ ይታያል። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ምን እንደሚል አብራችሁ ተለማመዱ፣ ስልኩን ግን እሱ ይያዝ። ቁጣውንም ቀነስ አድርጉት። እናንተ አንድ ቀን መቅረት የቤት ኪራይ ማጣት የሆነበት ኑሮ አሳልፋችኋል፤ "እኛ በበረዶ በሁለት አውቶቡስ እየሄድን" የሚለው እውነት ነው። ግን ያን የሰማ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሳሳት መጀመሪያ የሚደብቀው ከእናንተ ነው። የሚደብቅ ልጅ ደግሞ አይደውልም።

በመጨረሻ በዓል። የእኛ በዓላት ማናጀሩ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር የሉም። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የሠራተኛውን የሃይማኖት ሥርዓት ከባድ ጫና እስካልሆነበት ድረስ እንዲያስተናግድ ያስገድደዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 ባሳለፈው ውሳኔ ቀጣሪው በትንሽ ወጪ ብቻ እንዳያመካኝ አድርጓል። ይህ የሚሠራው ግን ቀድሞ ለጠየቀ ነው። ልጁ ገና እንደሆነ የሚያውቀው ነጠላው ከሻንጣ ሲወጣ ከሆነ ያን ዕለት ሺፍት ያመልጠዋል። የ2027 ፋሲካ ሜይ 2 ይውላል፤ የፈረንጆቹ ማርች 28 አልፎ ስለሚቆይ ማንም አያስታውሰውም። ቀኑን ዛሬውኑ የልጁ ስልክ ላይ አስገቡለት፣ ስኬጁሉ ከመውጣቱም በፊት ራሱ በጽሑፍ ይጠይቅ።