ደቡብ ሱዳን፦ ከፍተኛ ዳኞችን የሚዳኘው ማን ነው?

የደቡብ ሱዳን ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በአውሮፓውያኑ 2025 ግንቦት ወር ባወጡት ድንጋጌ ጠቅላይ ዳኛውን ቻን ሪች ማዱትን አንስተው ቤንጃሚን ባክ ዴንግን ተክተዋል። ቻን ሪች አገሪቱ ነጻነቷን ካገኘችበት ከ2011 ጀምሮ መቀመጫው ጁባ የሆነውን ጠቅላይ ፍርድ ቤት መርተዋል።

ሹም ሽሩ የቆየ ጥያቄን መልሶ ያስነሳል፤ ከፍተኛ ዳኞች ጥፋት ፈጸሙ ሲባል ተጠያቂ የሚሆኑት በማን ፊት ነው?

ሕጉ ምን ይላል?

በሽግግር ሕገ መንግሥቱ መሠረት ዳኞችን በከባድ የሥነ ምግባር ጥሰት፣ በብቃት ማነስ ወይም ሥራቸውን ማከናወን ባለመቻል ምክንያት ማሰናበት ይቻላል። ትእዛዙን የሚሰጡት ፕሬዚዳንቱ ቢሆኑም የብሔራዊ ዳኝነት አገልግሎት ምክር ቤት ምክረ ሐሳብ መቅደም አለበት። ይሁን እንጂ ምክር ቤቱን የሚመሩት ጠቅላይ ዳኛው ናቸው። በመሆኑም በራሳቸው በሰብሳቢው ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ገለልተኛ ሰሚ ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው።

ዳኞቹ ሲባረሩ

ዳኞች በ2017 ደመወዝና የሥራ ሁኔታ እንዲሻሻል፣ ጠቅላይ ዳኛውም እንዲነሱ በመጠየቅ ለወራት ሥራ አቁመው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ፕሬዚዳንቱ ከአሥር በላይ ዳኞችን በድንጋጌ አሰናበቱ። ከተሰናባቾቹ አንዱ ማሌክ ማቲያንግ ማሌክ ጉዳዩን አሩሻ ወደሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ፍርድ ቤቱም በ2020 ስንብቱ የምክር ቤቱን ሥርዓት ያልተከተለ በመሆኑ የማኅበረሰቡን ስምምነት ይጥሳል ሲል ወሰነ።

የኬንያ ልምድ

ጎረቤት ኬንያ ሌላ መንገድ አሳይታለች። ምክትል ጠቅላይ ዳኛ የነበሩት ናንሲ ባራዛ ከአንዲት የገበያ ማዕከል የጥበቃ ሠራተኛ ጋር በፈጠሩት ግጭት ሲከሰሱ፣ የዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽኑ አቤቱታውን መረመረ፤ ልዩ ችሎትም ተሰየመ። ችሎቱ ሁለቱንም ወገኖች ሰምቶ ከሥልጣን እንዲነሱ ሐሳብ አቀረበ። ባራዛም በ2012 ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

በደቡብ ሱዳን የ2018ቱ የሰላም ስምምነት የዳኝነት ማሻሻያ ኮሚቴ እንዲቋቋም አዝዟል። በኡጋንዳዊው ዳኛ ጄምስ ኦጉላ የሚመራው ኮሚቴ ሥራ የጀመረው ግን በ2022 ነበር።

ያለ ምርመራ የሚባረር ዳኛ በነጻነት ለመፍረድ ይቸገራል። የሚጠይቀው አካል የሌለው ዳኛ ደግሞ ባለጉዳዩን አቤት የሚልበት ያሳጣዋል። ሁለቱንም የሚያስቀረው አቤቱታን ሰምቶ፣ ማስረጃን መዝኖ፣ ለተከሳሹ ዳኛም የመከላከል ዕድል የሚሰጥ ገለልተኛ አካል ነው።