ነጥበ ፍሌት

ነጥበ ፍሌት አንድ ፈሳሽ ፈልቶ ወደ ጋዝነት የሚለወጥበት የሙቀት መጠን ነው። የፈሳሽ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተሳስበው ይቀራረባሉ፤ የጋዝ ቅንጣቶች ግን ተራርቀው በየአቅጣጫው ይንቀሳቀሳሉ፣ ከሚነኩት ነገር ጋር ሲጋጩም ግፊት ይፈጥራሉ። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ነው፤ ይህም በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ ግን አየሩ ስስ፣ ግፊቱም የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የባቄላ ንፍሮ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ውሃው ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር ውሃውንና ማገዶውን ይጨርሳል እንጂ ሙቀቱን አያሳድገውም። እንፋሎት አፍኖ የሚይዝ ድስት ግን ግፊቱን ስለሚጨምር ነጥበ ፍሌቱ ከፍ ይላል፣ ንፍሮውም ቶሎ ይበስላል።