የስፓኒሽ ደንበኛ ግሦች እርባታ በልዩ ልዩ ጊዜያት

ግሥ የዐረፍተ ነገር ማሰሪያ ነው። ድርጊቱን ማን እንደ ፈጸመውና መቼ እንደ ተፈጸመ የሚያስታውቀን እርሱ ነው። ግሥ ባለቤቱንና ጊዜውን ለማመልከት መልኩን ሲለዋውጥ ረባ ይባላል፤ የመለዋወጡም ሥርዐት እርባታ ይባላል።

ባለፉት ትምህርቶች የአማርኛን ግሥ እርባታ ተመልክታችኋል። ይሁን እንጂ ሰው የራሱን ቋንቋ ሥርዐት አጥርቶ የሚያየው ከሌላ ቋንቋ ጋር ሲያስተያየው ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የስፓኒሽን ደንበኛ ግሦች እርባታ እንመለከታለን። ስፓኒሽ ከእስፓኝ ሌላ በአብዛኛው የላቲን አሜሪካ ክፍልና በአፍሪካም በኢኳቶሪያል ጊኒ የሚነገር ቋንቋ ነው። በእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ሄደው የወጣቶች ደሴት በምትባለው ስፍራ ሲማሩ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በዚህ ቋንቋ ነበር። ሰዋስዉም ቀደም ብሎ የተጻፈ ነው፤ አንቶኒዮ ዴ ኔብሪሃ የተባለው ሊቅ የስፓኒሽን ሰዋስው በ1492 እ.ኤ.አ. አሳትሟል።

፩. ዐምድና መድረሻ

የስፓኒሽ ግሥ አርእስት ዐምድና መድረሻ አለው። በመድረሻው ምክንያት ግሦች ሁሉ በሦስት ክፍል ይመደባሉ።

ሀ) በ«አር» የሚጨርሱ፤ ምሳሌ፦ አብላር (መናገር)
ለ) በ«ኤር» የሚጨርሱ፤ ምሳሌ፦ ኮሜር (መብላት)
ሐ) በ«ኢር» የሚጨርሱ፤ ምሳሌ፦ ቢቢር (መኖር)

መድረሻው ሲነሣ የሚቀረው ዐምዱ ነው። ደንበኛ ግሥ ማለት ሲረባ ዐምዱ የማይለወጥና መድረሻው ብቻ በደንቡ መሠረት የሚለዋወጥ ግሥ ነው። እዚህ ላይ ከአማርኛ ጋር ያለውን ልዩነት አስተውሉ። አማርኛ «ነገረ፣ ይነግራል፣ ንገር» ሲል በመነሻም በመድረሻም ይጨምራል፤ የዐምዱንም ፊደላት ከግዕዝ ወደ ሳድስ፣ ከሳድስ ወደ ግዕዝ ያዛውራል። ስፓኒሽ ግን በደንበኛ ግሥ ላይ ከመድረሻ በቀር ሌላ አይነካም።

፪. የአሁን ጊዜ

በፊደላችን ስንጽፈው በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ድምፅ ጠንክሮ የሚነገረውን የረባ ግሥ በዚህ ምልክት (’) እናሳያለን። ምክንያቱን ወደ ፊት ትረዱታላችሁ።

እኔ፦ አብሎ፣ ኮሞ፣ ቢቦ
አንተ ወይም አንቺ፦ አብላስ፣ ኮሜስ፣ ቢቤስ
እርሱ ወይም እርሷ፦ አብላ፣ ኮሜ፣ ቢቤ
እኛ፦ አብላሞስ፣ ኮሜሞስ፣ ቢቢሞስ
እናንተ፦ አብላይስ’፣ ኮሜይስ’፣ ቢቢስ’
እነርሱ፦ አብላን፣ ኮሜን፣ ቢቤን

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መድረሻው ባለቤቱን ስለሚያስታውቅ እንደ አማርኛ ሁሉ ተውላጠ ስሙን መተው ይቻላል። «እናገራለሁ» ያለ ሰው «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገው፣ «አብሎ» ያለም «ዮ» (እኔ) ማለት አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ አማርኛ በነጠላ ቁጥር «ትናገራለህ፣ ትናገሪያለሽ» እያለ ወንድና ሴት ሲለይ፣ የስፓኒሽ ግሥ ጾታን አይለይም። ሦስተኛ፣ አክብሮትን በሚመለከት ሁለቱ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ። በአማርኛ «እርስዎ ይናገራሉ» ስንል ግሡ «እነርሱ ይናገራሉ» ከሚለው አይለይም፤ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ለማክበር የሦስተኛን መደብ ግሥ ተበድረናል። ስፓኒሽም «ኡስቴድ» (እርስዎ) ሲል የሦስተኛ መደብ ነጠላን ይበደራል፤ «ኡስቴድ አብላ» ይላል። በላቲን አሜሪካ ደግሞ ለ«እናንተ» ሁሉ «ኡስቴዴስ አብላን» ስለሚባል «አብላይስ’» የሚለው መልክ አይነገርም።

፫. የተፈጸመ ኃላፊ

ተጀምሮ ያለቀን ድርጊት ያመለክታል። «ተናገርሁ፣ በላሁ፣ ኖርሁ» እንደምንለው ነው።

እኔ፦ አብሌ’፣ ኮሚ’፣ ቢቢ’
አንተ ወይም አንቺ፦ አብላስቴ፣ ኮሚስቴ፣ ቢቢስቴ
እርሱ ወይም እርሷ፦ አብሎ’፣ ኮምዮ’፣ ቢብዮ’
እኛ፦ አብላሞስ፣ ኮሚሞስ፣ ቢቢሞስ
እናንተ፦ አብላስቴይስ፣ ኮሚስቴይስ፣ ቢቢስቴይስ
እነርሱ፦ አብላሮን፣ ኮምዬሮን፣ ቢብዬሮን

አሁን «አብሎ» እና «አብሎ’» የሚሉትን አስተያዩ። ፊደላቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ሲጠነክር «እናገራለሁ»፣ የመጨረሻው ሲጠነክር «እርሱ ተናገረ» ማለት ነው። የድምፁ ቦታ ሲለወጥ ባለቤቱም ጊዜውም አብረው ተለወጡ። ይህ ሊያስደንቃችሁ አይገባም፤ በአማርኛም «ይበላል» በሚለው ቃል «በ» ሲላላ «ልጁ ይበላል»፣ ሲጠብቅ «እንጀራው ይበላል» ይሆናል። ልዩነቱ፣ የእኛ ጽሑፍ መጥበቅን ሳያመለክት ለአንባቢው ሲተውለት፣ ስፓኒሽ በአናባቢው ላይ ጭረት ማድረጉ ነው። ይህን ጭረት የዘነጋ ተማሪ ምሥክርነቱን ለሌላ ሰው ሰጠ ማለት ነው።

ስሕተቱ ቀላል አይደለም። አንድ ተማሪ «አባቴ ሐረር ይኖራል» ብሎ ለወዳጁ ሊጽፍ ፈልጎ «ቢቤ» በሚለው ፈንታ «ቢብዮ’» ቢጽፍ፣ «አባቴ ሐረር ኖረ» ማለቱ ነው፤ ኑሮው ያበቃ ነገር ይሆናል። ወዳጁም አባትየው ወዴት ሄዱ፣ ምንስ ደረሰባቸው ብሎ ቢጨነቅ ጥፋቱ የጸሓፊው ነው።

ማስታወሻ፦ «አብላሞስ» እና «ቢቢሞስ» በአሁንም በኃላፊም አንድ ናቸው። ጊዜያቸው የሚለየው «ዛሬ» ወይም «ትናንት» በሚሉ ቃላት አለዚያም በአገባብ ነው። «ኮሜሞስ» እና «ኮሚሞስ» ግን ራሳቸው ይለያያሉ።

፬. ያልተፈጸመ ኃላፊ

ባለፈ ጊዜ ይዘወተር ወይም በመደረግ ላይ የነበረን ድርጊት ያመለክታል። አማርኛ ይህንን በ«ነበር» ይገልጻል፤ «እናገር ነበር፣ እበላ ነበር» እንላለን። ስፓኒሽ ግን ረዳት ግሥ ሳይጨምር በመድረሻ ብቻ ይፈጽመዋል።

በ«አር» ለሚጨርሱ፦ አብላባ፣ አብላባስ፣ አብላባ፣ አብላባሞስ፣ አብላባይስ፣ አብላባን
በ«ኤር» እና በ«ኢር» ለሚጨርሱ፦ ኮሚያ፣ ኮሚያስ፣ ኮሚያ፣ ኮሚያሞስ፣ ኮሚያይስ፣ ኮሚያን (ቢቢያም እንዲሁ)

አንደኛና ሦስተኛ መደብ ነጠላ አንድ ስለሆኑ፣ ግራ የሚያጋባ በሆነ ጊዜ ተውላጠ ስሙ ይጨመራል።

የሁለቱን ኃላፊዎች አጠቃቀም በዚህ ምሳሌ ለዩ፦

ሀ) ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ጋር ቈሎ እበላ ነበር። (ኮሚያ)
ለ) ትናንት ቈሎ በላሁ። (ኮሚ’)
ሐ) እኔ እበላ ነበር፤ (ኮሚያ) በመካከሉ ወንድሜ ተናገረ። (አብሎ’)

በ«ሐ» መብላቱ እንደ ተዘረጋ መንገድ ነው፤ ወንድም መናገሩ ደግሞ በመንገዱ ላይ እንደሚቆም ምልክት ነው። ድርሰት ስትጽፉ መልክዐ ምድሩንና ሁኔታውን ባልተፈጸመ ኃላፊ፣ የታሪኩን ርምጃ በተፈጸመ ኃላፊ እንደምትገልጹ አስታውሱ፤ ይህ ሥርዐት ለሁለቱም ቋንቋ ያገለግላል።

፭. ትንቢት

ለትንቢት መድረሻው የሚጨመረው በዐምዱ ላይ ሳይሆን በሙሉው አርእስት ላይ ነው። ለሦስቱም ክፍሎች መድረሻው አንድ ዓይነት ነው።

አብላሬ’፣ አብላራስ’፣ አብላራ’፣ አብላሬሞስ፣ አብላሬይስ’፣ አብላራን’
(ኮሜሬ’፣ ቢቢሬ’ ወዘተ.)

የእነዚህ መድረሻዎች ምንጭ «አቤር» የሚባለው ረዳት ግሥ ነው። ጥንት በላቲን ቋንቋ «መናገር አለኝ» እንደ ማለት ለብቻው ይነገር የነበረው ረዳት ግሥ ቀስ በቀስ ከአርእስቱ ጋር ተዋሕዶ መድረሻ ሆነ። ይህ ሩቅ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ ግን የራሳችሁን አፍ አድምጡ። «እናገራለሁ» የሚለው ቃል «እናገር» እና «አለሁ» ተጋጥመው የተገኘ ነው። ማስረጃውም አሉታው ነው፤ «አልናገርም» ስንል «አለሁ» ይጠፋል። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች ረዳት ግሥን ከዋናው ግሥ ጋር የማጋጠምን ዘዴ በየበኩላቸው አግኝተዋል።

ይሁን እንጂ «እናገራለሁ» ለአሁንም ለትንቢትም ሲያገለግል፣ ስፓኒሽ «አብሎ» እና «አብላሬ’» ብሎ ይለያል። ስለዚህ ከአማርኛ ወደ ስፓኒሽ የሚመልስ ሰው «ዘወትር ነው ወይስ ነገ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ማጠቃለያ

የግሥን እርባታ ሠንጠረዥ መሸምደድ ብቻውን አይበቃም። ግሥ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ባለቤቱ ማን ነው? ጊዜው መቼ ነው? ድርጊቱ አብቅቷል ወይስ ይቀጥል ነበር? ለሦስቱ መልስ ያገኘ ተማሪ ትክክለኛውን መድረሻ አያጣም፤ የአማርኛውንም ግሥ ከቀድሞ ይልቅ በማስተዋል ይጽፋል።

መልመጃ

፩. ትራባኻር (መሥራት)፣ አፕሬንዴር (መማር) እና ኤስክሪቢር (መጻፍ) የሚሉትን ግሦች በአራቱም ጊዜያት አርቡ።
፪. «እንማራለን» የሚለውን ቃል ዘወትር ለሚደረግና ለነገ ድርጊት በማድረግ በሁለት ዐረፍተ ነገር አግቡ፤ ቀጥሎም እያንዳንዱ በስፓኒሽ በምን ጊዜ እንደሚረባ ግለጹ።
፫. የልጅነታችሁን አንድ ቀን የሚገልጽ የአንድ ገጽ ድርሰት በአማርኛ ጻፉ። በ«ነበር» የታሰሩትን ግሦች በአንድ፣ የተፈጸመ ኃላፊዎቹን በሁለት መስመር አስምሩባቸው፤ ለምን እንደ ለያችኋቸውም አስረዱ።