ማሽኑን ለቆራሌው ልስጠው ወይስ ላስነሳው?

አሞራ ገደል ሲባል ሐዋሳን ለሽርሽር የሚያውቃት ሁሉ ትዝ የሚለው ዓሣ ነው። ጥሬው፣ ጥብሱ፣ ሾርባው፤ ከዚያ ደግሞ አንጀት እስኪወረወርላቸው ቆመው የሚጠብቁት እነዚያ ራሰ በራ አባ ኮዳዎች... እውነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን እዚያው ሰፈር ተወልደን ያደግን ልጆች ሌላም ነገር እናውቃለን። ዓሣ ያለ ጀልባ አይወጣም፤ ጀልባ ደግሞ ይሰበራል፣ ይጠገናል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር አናጢ አይጠፋም። አባቴ ከእነዚያ አናጢዎች አንዱ ነበር።

ዛሬ የማጫውታችሁ እሱ ስለተወልን ማሽን ነው። የጣውላ መላጊያ ማሽን ነው፤ ርዝመቱ ከአልጋ ይበልጣል። ክብደቱን ተዉት! ስድስት ጎረምሳ ሆነን ሞክረን ንቅንቅ አላለልንም። አባዬ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ያጣው በዚህ ማሽን ነው። እማዬ ከዚያን ዕለት ጀምሮ በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ “ያ ነገር” ነው የምትለው። አባዬ ካረፈ በኋላ “ያ ነገር” ጓሮ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ዓመታት ተቀመጠ። ዶሮ ሳትቀር ዕንቁላል ጥላበታለች።

ቆራሌው ታዲያ በሳምንት አንዴ በራችን ላይ ይቆማል። “እማማ፣ ያንን ብረት አልወሰኑም?” በኪሎ ሊወስደው ነው። እማዬ ልቧ ወደ መሸጡ ነበር። እኔ ደግሞ ዲፕሎማዬን ይዤ ሁለት ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ የከረምኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ቀን ዘው ብዬ “እማዬ፣ ላስነሳውና ልሥራበት” አልኳት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። “ጣት የማይበላ አድርገህ አሳየኝና ይቀመጥ። ካልሆነልህ ለቆራሌው ነው” አለች። በዚሁ ተስማማን።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ አናጢ አሉ፤ ከአባዬ ጋር የሠሩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ሌላ ነው። “ጋሼ፣ ይነሳል?” ብላቸው መልስ አልሰጡኝም። ትንሽ መዶሻ አስመጡና የማሽኑን ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ኳ... ኳ... እያደረጉ አዳመጡት። ማሽኑ የተሠራው ጊዛ ከሚባለው፣ ተቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት ነው። ጊዛ ከተሰነጠቀ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ድምፁ ይታፈናል። የኛው ጥርት ብሎ ጮኸ። “አልሞተም፣ ተኝቶ ነው” አሉኝ።

የፋብሪካውን ስም ዝገት በልቶታል፤ ጣልያን አገር የተሠራ መሆኑ ብቻ ይነበባል። መቼም ጣልያን በ1928 ገብቶ በ1933 ቢወጣም የእንጨት ቤታችንን ቋንቋ ይዞት አልሄደም። ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ኮላ፣ ሰጋቱራ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ... እስቲ ከእነዚህ አንዱን በአማርኛ በሉ ብላችሁ አናጢ ጠይቁ። “ይኸው በአማርኛ ነው ያልኩህ!” ይላችኋል። ልክ ነው።

አንድ ጓደኛዬ “ምን አደከመህ? ቀላል፣ አዲስ ማሽን ተበድረህ ግዛ” ብሎኝ ነበር። በርካሽ የሚሸጡትን ትንንሽ ማሽኖች አይቻቸዋለሁ። ጠረጴዛቸው ሳሳ ያለ ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡም እንጨቱ ላይ እንደ ሐይቅ ሞገድ ታትሞ ይቀራል። ከባዱ ጊዛ ግን መንቀጥቀጡን ውጦ ያስቀረዋል። እኛን ያስመረረን ክብደት ሙያው ነው ማለት ነው።

ዝገቱን ባሰብኩት ጊዜ አልጨረስኩም እንጂ ቀላሉ ሥራ እሱ ነበር። ናፍታ ቀብታችሁ ታሳድሩታላችሁ፣ ጠዋት ፍቃችሁ በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ታሹታላችሁ። ግራይንደር ግን እንዳታስጠጉበት! በአንድ ደቂቃ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል፤ ጠረጴዛው ሜዳ ካልሆነ ደግሞ ጣውላችሁም ሜዳ አይሆንም። ስትጨርሱ የንብ ሰም እሹበት። በተለይ እንደኛ የሐይቅ እርጥበት ጎረቤቱ ለሆነ ሰው ይህ ግዴታ ነው።

ኩሽኔታ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። “የድሮ ማሽን ስለሆነ ዕቃው አይገኝም” ይባላል። የኛው ሲፈታ ቀለበቱ ላይ 6205 የሚል ቁጥር ተገኘ። የዚህ ዓይነት ኩሽኔታ ቁጥር ዓለም አቀፍ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በአምስት አባዙ፣ 05 በአምስት 25፤ የዘንጉ ውፍረት 25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ቁጥሩን ጽፌ ሄድኩ፣ ከመኪና ዕቃ መደብር ገዝቼ ተመለስኩ።

ሞተሩ በኋላ የተቀየረ ነው፤ ሁለት የፈረስ ጉልበት፣ ወይም አንድ ተኩል ኪሎ ዋት፣ ባለ ሦስት ፌዝ። የኛ ቤት መብራት ደግሞ እንደ አብዛኛው ሰው ቤት ባለ አንድ ፌዝ 220 ነው። እዚህ ላይ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። አንድ ኤሌክትሪሺያን ግን ሰሌዳውን አየና “220/380 ስለሚል በካፓሲተር ይነሳል” አለኝ። 380/660 የሚል ቢሆን ኖሮ አይሆንም ነበር። ስሌቱ ለአንድ ኪሎ ዋት ወደ 70 ማይክሮፋራድ ነው፤ ለኛው 100 ገደማ መሆኑ ነው። ካፓሲተሩም ለማስነሻ ብቻ ሳይሆን ለዘወትር የተሠራው ዓይነት መሆን አለበት። ሞተሩ ከጉልበቱ ሲሶ ያህል ያጣል፤ በስሱ እስከላጋችሁ ግን አይጎዳችሁም። ይህን ግን ራሴ አልነካካሁትም፣ እናንተም አትንኩት። ባለሙያው መሬት የሚገባውን ሽቦ ሳያስር አትነሱ፤ የብረት ማሽን፣ እርጥብ ወለል፣ ነጠላ ጫማ... አስቡት።

እዚህ ድረስ የደረስኩት በደስታ ነው። ከዚያ ቢላዋዎቹን የሚይዘውን ራስ አውጥቼ ለጋሼ አሳየኋቸው። በጣታቸው ዳሰሱት። “አራት ማዕዘን ነው” አሉና ዝም አሉ። ቆይተው ቆይተው “የአባትህን ጣት የበላው ይሄ ነው” አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ማሽን ራስ በደቂቃ ከ4 ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ሁለት ቢላዋ አለው፣ ስለዚህ በሰከንድ ከ130 ጊዜ በላይ ስለት ያልፋል። ራሱ ድቡልቡል ከሆነ ከብረቱ ወጣ የሚለው ስለት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እጅ ቢያመልጥ መቁሰል አለ፣ ግን ክፉኛ ወደ ውስጥ የመሳብ ዕድሉ ያንሳል። አራት ማዕዘን ሲሆን ግን በማዕዘኖቹና በጠረጴዛው ከንፈር መካከል ሰፊ ክፍተት አለ፤ ጣት ይገባል፣ ማዕዘኑ ደግሞ ይጎትተዋል። እንግሊዝ አገር በእጅ እየተገፋ የሚላግበት ማሽን ድቡልቡል ራስ ከሌለው እንዳይሠራበት እ.ኤ.አ. በ1922 በደንብ ተከልክሏል። አባዬ በዚያ ራስ ላይ ስንት ዓመት ሠራ! ዕድሜውን ሙሉ “ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር” ሲል ነው የማውቀው። እኛም አምነነው ኖረናል።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ቡናው አረረ።

ድቡልቡሉን ራስ ፍለጋ አዲስ አበባ ወረድኩ፤ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። ሁለት ቀን ዞሬ ከአንድ የተበተነ ማሽን የወጣ፣ ከነዘንጉ አገኘሁ። ከኛው አምስት ሳንቲ ሜትር ያጥራል፣ ይጠር! ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ቶርኖ ቤት አስተካከሉልኝ። “እዚሁ አዲስ ቅረጽልኝ” ብሎ ማዘዝም ይቻል ነበር፤ ጋሼ ግን አሻፈረኝ አሉ። ሚዛኑ ትንሽ ከተዛባ በዚያ ፍጥነት ቢላዋው ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል።

ከስለቱ በላይ የሚጋረድ፣ ከፍና ዝቅ የሚል መከለያ ከእንጨት ሠራሁ። ጣውላ መግፊያም ሠራሁ፤ እጅ ወደ ስለቱ እንዳይደርስ። አስጌጬ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ እማዬን ጠራኋት። ሶኬቱን ነቅዬ አሳየኋት።

እማዬ ምንም አልተናገረችም። ወጥ ቤት ገብታ የእንጨት ማማሰያዋን ይዛ መጣች። ጣት መሆኑ ነው! በፊት ለፊት ሞከረች፣ መከለያው ከለከላት። በጎን ሞከረች፣ ከለከላት። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች፤ ጣውላውን ከምናስደግፍበት ብረት በስተጀርባ ማማሰያውን ስትሰድደው ቂው! ስለቱን ነካው።

“ይሄስ?” አለችኝ።

ያን ያህል ቀን ስንለፋ እኔም ሆንኩ ጋሼ ያላየነው ነው። የሚሠራው ሰው ከፊት ስለሚቆም ከኋላ ያለውን ክፍት ቦታ ማንም አያስታውሰውም፤ ሰጋቱራ ሊጠርግ እጁን የሚሰድደው ግን በዚያ በኩል ነው። ጋሼ ሲነገራቸው እስኪያነቡ ሳቁ። የኋላውን በላሜራ ከለልኩና እንደገና ተፈተንኩ። ማማሰያው አልገባም።

የመጀመሪያውን ሥራ ያመጣልኝ ጀልባው ጎኑ የተከፈተ አንድ ዓሣ አስጋሪ ነው። አሮጌ ጣውላ ጨምሮ አመጣ፤ ከተበላሸ ቴፕ ስፒከር ባወጣሁት ማግኔት ስዳስሰው ሦስት ሚስማር ተደብቆበት ነበር። አንዷ ብቻ ብታመልጠኝ ቢላዋዬ ጥርስ አውጥቶ ይቀር ነበር። አሁን ሥራ አለ ለማለት ያህል አለ። አንዳንዱ ሳምንት ጀልባ ነው፣ አንዳንዱ የበር ጣውላ፣ አንዳንዱ ደግሞ ባዶ። አፍና አፍንጫዬን ሳልሸፍን አልሠራም፤ የጠንካራ እንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 መድቦታል። ስለ ጎረቤት ስል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት አላስነሳውም።

እማዬ ማሽኑ እየዞረ እያለ እስከ ዛሬ ክፍሉ አትገባም። ድምፁ ሲቆም ትመጣና በሩ ላይ ትቆማለች። “እስቲ እጅህን” ትላለች። ሁለቱንም አሳያታለሁ፣ አገላብጣ ታያቸዋለች፣ ከዚያ ምሳ ቀርቧል ትለኛለች።